ልብ ሲደነግጥ፦ ከመርዶም ከመርፌም የሚመጣ የልብ ጡንቻ ሕመም

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ቀስ በቀስ ይወርዳል)

የዛሬው የጤና ትምህርት ለደጎሎና ለጃማ፣ ለከላላ፣ ለወግዲ፣ ለመካነ ሰላምና ለቦረና፣ ለሳይንትና ለለጋምቦ አድማጮች ተሰናድቷል። የሚያወሳው በድንጋጤ፣ በጭንቀት ወይም በመድኃኒት ሳቢያ በድንገት ስለሚደክም የልብ ጡንቻ ነው።

በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ መርዶ እንደ ማንኛውም ወሬ አይነገርም። ልጇ በሰው አገር የሞተባት እናት ዜናውን ብቻዋን ሆና፣ ምግብ ሳትቀምስ እንድትሰማ አይፈለግም። ሽማግሌዎች አስቀድመው ይመካከራሉ። ቄሱ ወይም ሼሁ፣ አንዳንዴም ሁለቱም ይጨመራሉ። ጎረቤት ራት መብላቷን፣ ጥቂትም ቢሆን መተኛቷን ያጣራል። ጎሕ ሲቀድ በር ይንኳኳል፤ ለቀስተኛውም ተከታትሎ ይገባል። ሴትዮዋ ደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ካለባት ደግሞ ነገሩ ይዘገያል፤ «ትንሽ አሞታል» ተብሎ ይጀመርና ቀስ በቀስ ወደ እውነቱ ይደረሳል። ይህን ሥርዓት ያወጡት ሰዎች የልብ ምርመራ መሣሪያ አልነበራቸውም። ደንግጦ የወደቀ ሰው ግን በዐይናቸው አይተዋል።

ዘመናዊው ሕክምና ነገሩን በወጉ መዝግቦ የያዘው ዘግይቶ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990 ሂካሩ ሳቶ የተባሉ ጃፓናዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ግራ የሚያጋቡ ሕሙማንን ታሪክ አቀረቡ። ሕሙማኑ ደረታቸውን ጨምድዶ ይዟቸው፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ሆስፒታል የገቡ ናቸው። የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራው፣ ማለትም ኢሲጂው፣ ሀርት አታክ የያዛቸው ያስመስላል። ሀርት አታክ ልብን የሚመግበው የደም ሥር ሲዘጋ የሚመጣው ሕመም ነው። ሐኪሞቹ ቀጭን ቱቦ አስገብተው፣ ቀለም ረጭተው የደም ሥሮቹን ሲያዩ ግን የተዘጋ ነገር አላገኙም። መንገዱ ክፍት ነው፤ የደከመው ጡንቻው ራሱ ነው። ሕመሙንም ጃፓናውያን ዓሣ አጥማጆች ኦክቶፐስ በሚይዙበት የሸክላ ዕቃ ስም «ታኮትሱቦ» አሉት።

ስሙን ያወጣለት የልቡ ቅርጽ ነው። ደም ወደ መላው ሰውነት የሚረጨው የግራው የልብ ክፍል በደህና ቀን ከጫፍ እስከ አናቱ እኩል ይጨመቃል። በታኮትሱቦ ጊዜ በልብ አልትራሳውንድ፣ ሐኪሞች «ኢኮ» በሚሉት ምርመራ፣ ሲታይ የላይኛው ክፍል ከወትሮው በላይ በኃይል ይኮማተራል። ወደ ጫፉ ያለው የታችኛው ክፍል ግን አይነቃነቅም፤ ተነፍቶ ይቀራል። በስክሪኑ ላይ የሚታየው ጠባብ አንገትና ሰፊ ሆድ ያለው እንስራ ነው። ከዚያ እንስራ የሚወጣው ደም ለአንጎልም፣ ለኩላሊትም፣ ለልብ ለራሱም አይበቃም። የቀረው ደም ወደ ኋላ ወደ ሳንባ ይመለስና ሕመምተኛው ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል።

በዓለም ላይ «የተሰበረ ልብ ሕመም» የሚል ስምም ወጥቶለታል። ምክንያቱ ሐዘን ብቻ የሚመስለው ብዙ ሰው ግን ይሳሳታል።

እ.ኤ.አ. በ2015 በአውሮፓና በአሜሪካ ከሚገኙ 26 የሕክምና ማዕከሎች የተሰበሰበ የ1750 ሕሙማን መረጃ ይፋ ሆኖ ነበር። ከመቶው 90 ያህሉ ሴቶች ናቸው። አማካይ ዕድሜያቸው 67 ገደማ ነው፤ አብዛኞቹም የወር አበባ ከቆመ በኋላ የታመሙ ናቸው። መነሻው ሲጠና በሐዘን፣ በፍርሃት፣ በጠብና በመሳሰለው ስሜት የታመሙት ከመቶ 28 ያህል ሆኑ። በአካላዊ ምክንያት፣ ማለትም በጽኑ ሕመም፣ በቀዶ ሕክምና፣ በአደጋ፣ በአስም ወይም በመድኃኒት የታመሙት ግን ከመቶ 36 ደረሱ። ከመቶ 28 በሚሆኑት ላይ ደግሞ ምንም ግልጽ መነሻ አልተገኘም። ሆስፒታል ሳሉ ከመቶው 4 ያህሉ ሞተዋል። ስለዚህ «ድንጋጤ ነው፣ ያልፍላታል» ተብሎ ቤት የሚታቀፍ ሕመም አይደለም።

ደስታም ይጠቀሳል። በዚሁ መዝገብ ላይ የተመሠረተ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሌላ ጥናት በስሜት ምክንያት ከታመሙ 485 ሰዎች 20ዎቹ የታመሙት በሠርግ፣ በልደትና በመሳሰለው ደስታ ምክንያት እንደሆነ አሳይቷል። ልብ ለእልልታውም ለዋይታውም የሚመልሰው በአንድ መንገድ ነው። የመንገዱም መነሻ ከኩላሊት አናት ላይ የተቀመጡ ሁለት ትናንሽ ዕጢዎችና የነርቭ ጫፎች ናቸው።

(አጭር ሙዚቃ)

ሰው ሲደነግጥ እነዚህ ዕጢዎች አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ወደ ደም ይለቃሉ። የነርቭ ጫፎቹ ደግሞ የእርሱን ቅርብ ዘመድ፣ ኖርአድሬናሊንን ይረጫሉ። የልብ ምት ይፈጥናል፤ ደም ግፊት ይጨምራል፤ እጅ ይቀዘቅዛል፤ አፍ ይደርቃል። ጅብ ያየ እረኛ ሮጦ የሚያመልጠው በዚህ ጉልበት ነው። ሆርሞኑ በልክ ሲሆን ያድናል። ከልክ ሲያልፍ ግን የልብ ጡንቻን ይጎዳል።

በባልቲሞር የሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት በድንገተኛ የስሜት መናወጥ ልባቸው የደከመ 19 ሰዎችን ተከታትለዋል። በደማቸው ውስጥ የተገኘው የድንጋጤ ሆርሞን መጠን በጽኑ ሀርት አታክ ከተያዙ ሰዎች ሁለትና ሦስት እጥፍ ይበልጥ ነበር።

የልቡ ጫፍ ከሌላው ክፍል ተለይቶ ለምን ይደክማል? በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 በአይጦች ላይ ባደረጉት ሙከራ አንድ ፍንጭ አግኝተዋል። አድሬናሊንን የሚቀበሉት፣ «ቤታ ሁለት» የሚባሉት ተቀባዮች በልብ ጫፍ አካባቢ በብዛት ይገኛሉ። አድሬናሊኑ በልክ ሲመጣ እነዚህ ተቀባዮች ጡንቻውን «በርታ» ይሉታል። እንደ ጎርፍ ሲመጣ ግን ትእዛዛቸው ይገለበጥና «አቁም» ይሉታል። ተመራማሪዎቹ ይህን ጡንቻው እስከ ሞት ድረስ እንዳይለፋ የሚከላከል ዘዴ አድርገው ይተረጉሙታል። ጡንቻው አልሞተም፤ ሥራ አቁሟል። አብዛኛው ሕመምተኛ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ የሚያገግመውም ከዚህ የተነሣ ነው ተብሎ ይታመናል። ሴቶች ላይ የሚበዛው ደግሞ ልብንና የደም ሥርን የሚጠብቀው ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን የወር አበባ ሲቆም ስለሚቀንስ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይታሰባል።

ለአይጦቹ ግን ማንም መርዶ አልነገራቸውም። ልባቸው የደከመው በመርፌ በተሰጣቸው አድሬናሊን ነው። የዛሬው ዝግጅት ዋና ጉዳይም እዚህ ላይ ነው፦ ልብ ሆርሞኑ ከመርዶ ይምጣ ከመርፌ፣ ከፍርሃት ይምጣ ከክኒን አይለይም።

(አጭር ሙዚቃ)

ከመድኃኒቶቹ ሁሉ ቀድሞ የሚነሣው አድሬናሊን ነው። በየጤና ጣቢያው የድንገተኛ መድኃኒት ሣጥን ውስጥ በትናንሽ ብልቃጦች ይቀመጣል። በብዛት የሚታወቀው ብልቃጥ 1 ሚሊ ሊትር ሲሆን በውስጡ 1 ሚሊ ግራም አድሬናሊን አለው። ያንኑ አንድ ብልቃጥ ሁለት የተለያዩ ሕመምተኞች ይፈልጉታል። የመጀመሪያው ልቡ ጨርሶ የቆመ፣ ደረቱ እየተጫነ ያለ ሰው ነው፤ ለእርሱ ሙሉው ብልቃጥ በደም ሥር ይሰጠዋል። ሁለተኛዋ ፔኒሲሊን ተወግታ ሰውነቷ ያበጠ፣ ጉሮሮዋ የተዘጋ፣ ደም ግፊቷ የወረደ፣ ልቧ ግን እየመታ ያለች ሴት ናት። ለእርሷ፣ ለአዋቂ ሰው፣ የሚሰጠው የብልቃጡ ግማሽ ነው። የሚወጋውም ከጭኗ መካከል፣ በውጭው በኩል ባለው ጡንቻ ላይ ነው። ካልተሻላት ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደገማል።

ስሕተቱ የሚፈጠረው እነዚህ ሁለቱ ሲምታቱ ነው። ጡንቻ ላይ የተወጋ መድኃኒት ቀስ እያለ ወደ ደም ይገባል። በደም ሥር በአንድ ጊዜ የተለቀቀ ግን በሰከንዶች ውስጥ ልብ ላይ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2009 ከጆንስ ሆፕኪንስ የወጣ ሌላ ጥናት አድሬናሊን ወይም ዶቡታሚን የተባለ የልብ ማበረታቻ በደም ሥር ከተሰጣቸው በኋላ ወዲያው ልባቸው የደከመ 9 ሕሙማንን ዘርዝሯል። በኢኮ የታየው ምስል በሐዘን ከታመሙት ጋር አንድ ዓይነት ነበር።

ይህን የሰማ አድማጭ «እንግዲያስ አድሬናሊን አልወጋም» እንዳይል። በመድኃኒት አለርጂ ጉሮሮው የሚዘጋ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ የሚያድነውም ይኸው መርፌ ነው። በጡንቻ፣ በትክክለኛው መጠን የተሰጠ አድሬናሊን ከሚያመጣው ጉዳት የሚያተርፈው ሕይወት እጅግ ይበልጣል። በዚህ ሁኔታ ላይ ላለ ሕመምተኛ የባለሙያው መዘግየት ከመርፌው የበለጠ ያስፈራል።

ከአድሬናሊን ቀጥሎ የሚመጡት የእርሱን ጠባይ የሚጋሩ መድኃኒቶች ናቸው። ሳልቡታሞል አንዱ ነው። በሰማያዊ ቀለሙ የሚታወቀው የአስም «ፓፍ» ውስጥ ያለው እርሱ ነው፤ በክኒንና በሽሮፕም ይገኛል። መካነ ሰላምም ሆነ ደጎሎ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2500 ሜትር በላይ ናቸው። ብርዱ በር ያዘጋል፤ ኩበትና እንጨት ቤት ውስጥ ይነድዳል። ዕድሜዋን ሙሉ ጭስ ስትምግ የኖረች እናት ሳንባዋ ቢጠብ አያስገርምም። ፓፉ ታዝዞላት በልክ ከወሰደች ይጠቅማታል። አደጋው ትንፋሿ አልመለስ ሲላት ሌሊቱን ሙሉ ደጋግማ ስትነፋው፣ ከዚያ ላይ የጎረቤት ክኒን ስትጨምርበት ነው። የትንፋሽ እጥረቱ ራሱ ሰውነቷን አስደንግጦ አድሬናሊን አስለቅቋል፤ መድኃኒቱም በላዩ ላይ ይደርብበታል። ታዝዞላት የነበረው መጠን ካላሻላት ሐኪም ዘንድ መሄድ እንጂ መደጋገም መፍትሔ አይሆንም።

ለጉንፋን የሚሸጡ፣ አፍንጫ የሚከፍቱ አንዳንድ ክኒኖችም በዚሁ ወገን ይመደባሉ። ፊኒልኤፍሪን ወይም ሱዶኤፌድሪን የሚባል ነገር የያዙት የደም ሥርን እያጠበቡ ነው አፍንጫን የሚከፍቱት። ለብዙ ሰው ጉዳት የላቸውም። ደም ግፊት ያለበት ሰው፣ ልቡን ታሞ የሚያውቅ ሰው ግን ሳይጠይቅ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መዋጥ የለበትም። ቬንላፋክሲንና ዱሎክሴቲን የሚባሉ የድብርት መድኃኒቶች፣ በካንሰር ሕክምና የሚሰጠው ፍሎሮዩራሲልም በሕክምና መጽሔቶች ላይ ከዚህ ሕመም ጋር ተያይዘው ተመዝግበዋል። እነዚህ ሐኪም የሚከታተላቸው መድኃኒቶች ናቸው፤ የሚጀምራቸውም የሚያቆማቸውም ሐኪሙ ነው።

ጫት መድኃኒት አይደለም፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ካቲኖን ነርቮች ኖርአድሬናሊን እንዲረጩ ያደርጋል። በየመን በተደረገ ጥናት ጫት በብዛት የሚቅሙ ሰዎች በሀርት አታክ የመያዛቸው ዕድል ከማይቅሙት እጅግ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። አስም ያለበት ሰው ፓፉን እየነፋ፣ ከሰዓቱን በምርቃና ካሳለፈ፣ ማታም እንቅልፍ ካጣ ልቡ ላይ ሦስት ሸክም ይጫናል።

እንቅርት ደግሞ በወሎ ደጋ የቆየ ችግር ነው። ከእንቅርት ሕሙማን መካከል የአንገት ዕጢያቸው ከመጠን በላይ የሚሠራባቸው አሉ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ልባቸው ይመታል፤ እየበሉ ይከሳሉ፤ ሙቀት አይችሉም። ከልክ ያለፈው የዕጢው ሆርሞን ልብ ለአድሬናሊን ያለውን ስሜት ስለሚያባብሰው ታኮትሱቦን ከሚያስነሡ ምክንያቶች ተቆጥሯል። ዕጢያቸው ደክሞባቸው የሆርሞኑን ክኒን፣ ሌቮታይሮክሲንን፣ የሚወስዱትም መጠኑን በራሳቸው ከጨመሩ እዚያው ይደርሳሉ።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ፣ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ፦ መድኃኒት በድንገት ማቆም። የልብ ምት ለተጣደፈባቸው፣ የእንቅርት ወይም የደም ግፊት ሕመም ላለባቸው ፕሮፕራኖሎል ወይም አቴኖሎል ይታዘዛል። እነዚህ መድኃኒቶች አድሬናሊን ልብ ላይ እንዳይሠለጥን ይከላከላሉ። ወራት ሲከለከል የቆየ ልብ ክልከላው በአንድ ቀን ሲነሣለት ለትንሹ ድንጋጤ ሁሉ ከልክ በላይ ይመልሳል። ለወር የተሰጠው ክኒን ያለቀበት፣ የመኪና ገንዘብ የጎደለው ወይም መንገድ የተዘጋበት ሰው፣ «ተሽሎኛል» ብሎ የተወም ሰው አንድ ቦታ ላይ ናቸው። ክኒኑ ሳያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው መነሣት፣ ካልተቻለም ለቅርቡ ጤና ጣቢያ መንገር ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው መድኃኒት የሚቋረጠው መጠኑ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

በኢትዮጵያ ደጋ ስለ መርፌና ስለ ልብ ሲነሣ አንድ ጉዳይ ሳይነካ አይታለፍም። በአገራችን የልጆችንና የወጣቶችን ልብ የሚጎዳው ዋናው ሕመም ታኮትሱቦ አይደለም፤ ከጉሮሮ ቁስለት ተነሥቶ የልብን በር፣ ማለትም ቫልቩን፣ የሚያበላሸው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። እነዚህ ሕሙማን ሕመሙ እንዳይባባስባቸው በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ይወጋሉ። መርፌው ወፍራም ነው፤ ያማል። አልፎ አልፎ መርፌውን እንደተወጋ የሚወድቅ ሕመምተኛ ያጋጥማል። ለረጅም ጊዜ ምክንያቱ ሁሉ አለርጂ ነው ሲባል ኖሯል።

የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር ላይ ይህን አስተሳሰብ ከልሶታል። ቫልቫቸው በጽኑ የተጎዳ ወይም የልብ ጡንቻቸው የደከመ ሕሙማን መርፌውን ተከትለው ሲሞቱ በብዙዎቹ ላይ የአለርጂ ምልክት አልታየም። ከሕመሙና ከፍርሃቱ የተነሣ ደም ግፊታቸው ሲወርድና የልብ ምታቸው ሲዛባ የደከመ ልባቸው ያንን መቋቋም አቅቶት ሳይሆን አይቀርም ይላል። ይህ ታኮትሱቦ ነው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ልብ ለመድኃኒቱ ብቻ ሳይሆን ለአወሳሰዱም እንደሚመልስ ያሳያል። ማኅበሩ ለእንደዚህ ዓይነቶቹ ጽኑ ሕሙማን በመርፌው ፈንታ የሚዋጥ ፔኒሲሊን እንዲታሰብላቸው መክሯል። ለሌሎቹ ደግሞ ምክሩ ቀላል ነው፦ ባዶ ሆድ ሆነው አይወጉ፤ ውኃ ይጠጡ፤ ተጋድመው ይወጉ፤ ከተወጉም በኋላ ወዲያው አይሂዱ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆዩ። ከሩቅ ቀበሌ ሌሊት ተነሥቶ፣ ምንም ሳይቀምስ በእግሩ ደርሶ፣ ተራ ጠብቆ፣ ቆሞ የሚወጋ ልጅ ያለው ወላጅ ከእነዚህ አንዱንም ባያጓድል ይበጃል። መርፌውን በራስ ፈቃድ መተው ግን ቫልቩን ይበልጥ ያበላሸዋል፤ የሚለወጥ ነገር ካለ ሐኪሙ ይለውጠው።

ለሁሉ ነገር «መርፌ ካልተወጋሁ አይሻለኝም» የሚለው ልማድም እዚህ ላይ ይነሣል። ክኒን የሚበቃውን ሕመም በመርፌ ማከም ያለ ጥቅም አደጋን መጨመር ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ምልክቶቹ ምን ይመስላሉ? በድንገት የሚጀምር የደረት ሕመም ወይም ጭምደዳ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የልብ ምት መዛባት፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽና ራስን መሳት ናቸው። ከመርዶ፣ ከጠብ፣ ከአደጋ፣ ከቀዶ ሕክምና ወይም ከመድኃኒት በኋላ በደቂቃዎችና በሰዓታት ውስጥ ሊመጡ ይችላሉ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ደረቷን ይዛ የተቀመጠች፣ ላብ ያጠመቃት ሴት ከንፈር ተመጦላት ብቻ የምትታለፍ አይደለችም። ውኃ ተረጭቶባት ስትነቃም ነገሩ አበቃ ማለት አይደለም።

ታኮትሱቦን ከሀርት አታክ በመልክ ብቻ የሚለይ ባለሙያ የለም። ልምድ ያለው ሐኪምም ቢሆን የሚጀምረው ሀርት አታክ ነው ብሎ ነው፤ ያም ትክክል ነው። ኢሲጂ ያነሣል፤ ትሮፖኒን የሚባለውን የደም ምርመራ ያዛል። ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈስ ነገር ነው። በታኮትሱቦ ጊዜም ይጨምራል፤ ነገር ግን በኢኮ ከሚታየው የልብ መድከም ጋር ሲነጻጸር ጭማሪው መጠነኛ ነው። ኢሲጂው ከፍተኛ ሀርት አታክ እየመሰለ፣ ትሮፖኒኑ መጠነኛ ሆኖ፣ በኢኮ የልቡ ጫፍ ተነፍቶ ሲታይ ሐኪሙ ጥርጣሬው ይጠነክራል። የመጨረሻው ማረጋገጫ የልብ ደም ሥሮችን በቀለም ማየት ነው፤ ለዚህም ሕመምተኛው ይህ ምርመራ ወዳለበት ሆስፒታል፣ አስፈላጊ ከሆነም እስከ አዲስ አበባ ድረስ፣ ሪፈር ይደረጋል። በቅርብ የወለደች ወጣት እናት ልቧ ሲደክም ሐኪሞች ከወሊድ ጋር የሚመጣውን የልብ ጡንቻ ሕመም ቀድመው ያስባሉ፤ ሕክምናው የተለየ ስለሆነ መለየቱ ይጠቅማል።

ሕክምናው የሚጀምረው ያስነሣውን ምክንያት በማስወገድ ነው። መነሻው መድኃኒት ከሆነ ይቆማል ወይም ይለወጣል። ሕመምተኛው አልጋ ይይዛል፤ የልብ ምቱ ሌት ተቀን ይጠበቃል፤ ሳንባው ውኃ ከያዘ ውኃውን የሚያስወጣ መድኃኒት ይሰጠዋል። ልቡ በደንብ ስላልተጨመቀ በጫፉ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል፤ ያ ከታየ ወይም ከተፈራ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይጨመራል። ደም ግፊቱ የወረደ ሕመምተኛ ላይ ሐኪሙ የበለጠ ይጠነቀቃል። ለሌላው የልብ ድካም የሚጠቅመው አድሬናሊን መሰል ማበረታቻ ለዚህ ሰው ሕመሙን ያስነሣው ነገር ሊሆን ይችላልና። «አድሬናሊን ተወግታ ነበር»፣ «ፓፉን ሌሊቱን ሁሉ ስትነፋ አድራለች» ብሎ የሚናገር አስታማሚ ሐኪሙን ከስሕተት ያድነዋል።

አብዛኞቹ ሕሙማን በአንድና በሁለት ወር ውስጥ የልባቸው ጉልበት ይመለሳል። ኢኮው ተደግሞ መመለሱ መረጋገጥ አለበት፤ ደህና ነኝ ብሎ ከቀጠሮ መቅረት ግን የተለመደ ነው። ድካሙና የደረት ሕመሙ ከዚያም በኋላ ለወራት የሚቆይባቸው አሉ። በድጋሚ የሚታመም ሰው ብዙ አይደለም። ይሁንና ያስነሣውን መድኃኒት ያላወቀና ደግሞ የወሰደ ሰው ሕመሙን ራሱ ይጠራዋል።

በመጨረሻም ለሚቀጥለው የጤና ጣቢያ ጉዞ የሚሆን ዝግጅት። በቤት ያለው መድኃኒት ሁሉ በአንድ ፌስታል ይሰብሰብ፦ የሚዋጠው፣ የሚነፋው፣ የዐይን ጠብታው፣ ከጎረቤት የተገኘው፣ ያለቀው ክኒን ባዶ ማሸጊያም ሳይቀር። የባህል መድኃኒት ከተወሰደ ሳይታፈር ይነገር። ካሁን በፊት ያሳበጠ፣ ያሳከከ ወይም ራስን ያሳተ መድኃኒት ካለ ስሙ በካርዱ ላይ እንዲጻፍ ይጠየቅ፤ ማንበብ የሚችል ልጅም ስሙን በቃሉ ይያዘው። ፔኒሲሊን የሚወጋ ሰው ቁርሱን ይብላ፤ ፕሮፕራኖሎል የሚወስድ ሰው ስንት ክኒን እንደቀረው ይቁጠር። መድኃኒት ያልተጠበቀ ጉዳት ካደረሰ ለጤና ባለሙያው መንገር ይገባል፤ ባለሙያውም ቅጹን ሞልቶ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያስተላልፋል። የባለሥልጣኑ ነጻ የስልክ መስመር 8482 ነው፤ ማንኛውም ሰው ሊደውልበት ይችላል። ቁጥሩን ለመጻፍ እስክሪብቶ ለፈለጉ አድማጮች በድጋሚ፦ ስምንት፣ አራት፣ ስምንት፣ ሁለት።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)